ያልተገለበጠው ዓሣ

ሰውዬው አራት ደቂቃ ዘግይቷል።

አዘዘ ከዓሣ ሻጩ ትይዩ ቆሞ ብርቱካን የሚመርጥ መሰለ። እጁ ብርቱካኑ ላይ ነበር፤ ዓይኑ ግን ጫማ ይከታተላል። በሆላንዷ ከተማ በዴን ሃግ ገበያ በዚህ ብርድ የሰው ፊት አይታይም፤ ሁሉም አገጩን በአንገት ልብሱ ቀብሮ ነው የሚሄደው። ተከታይ ኮቱን ሊቀይር ይችላል። ባርኔጣውንም ሊቀይር ይችላል። ጫማውን ለመቀየር ግን ጊዜ አያገኝም።

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ያለፈ ጫማ አልነበረም።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጥር 26 ቀን 1976 ዓ.ም. ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት።

አዘዘ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ለመንግሥት ሰዎች፣ በመንግሥት ወጪ ሆላንድ የተላከ ታማኝ ተማሪ ነው። በወርኃዊ ስብሰባቸው ይቀመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ስሙን ይፈርማል። መንግሥትን ለሸሹት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ማኅበር ግን «ሸማኔ» ነው፤ በስብሰባው የሰማውን ሁሉ ለእነሱ ያደርሳል። አምስት ዓመት ሆነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ፣ ዛሬ የትኛውን ሰው ሆኖ እንደሚውል ለማስታወስ ጥቂት ይቆያል።

ቡናማ ጫማ መጣ። የባሕር ጨው የበላው፣ የመርከብ ሰው ጫማ። ዓሣ ሻጩ ፊት ቆመ።

«ይህን ዓሣ በእኛ አገር ምን ይሉታል?» አለ ባለ ጫማው በአማርኛ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

አዘዘ ብርቱካኑን መልሶ አስቀመጠ። «በእኛ አገር ዓሣ የሚፈለገው በጾም ነው።»

«ዛሬ ጾም አይደለም።»

«እንግዲያው እንግዳ መጥቷል ማለት ነው።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ሰውዬው ወልደየስ ይባላል፤ የምስጢር ስሙም «እንግዳ» ነው። ሐሙስ ዕለት ቡና ጭኖ ከመጣ መርከብ ሮተርዳም ወደብ ላይ ጠፍቶ ወረደ። በኮቱ ገበር ውስጥ አንዲት ስስ ወረቀት አለች። ወረቀቷ ላይ የአሥራ አራት ሰዎች ስምና ሰፈር ተጽፏል። ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው። ሰኞ ሊነጋ ሲል የመንግሥት ወታደሮች ይይዟቸዋል።

ሰውዬው እውነተኛ ከሆነ።

ትናንት አምስተርዳም ውስጥ አሳምነው የነገረው ሌላ ነበር። አሳምነው የማኅበሩ የደኅንነት ኃላፊ ነው፤ «ደወል» ይሉታል። አዘዘን የመለመለው እሱ ነው። አዘዘ የሳንባ ምች ይዞት በተኛ ጊዜ ዘጠኝ ቀን አጠገቡ ያደረው እሱ ነው።

«እንግዳው ወጥመድ ነው፣» አለ አሳምነው።

«በምን አወቅህ?»

«አሥራ አራት ወር ቬትናም ከዓሣ አጥማጆች ጋር ኖርኩ ይላል። ከዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ለልምድ ልውውጥ ተልኬ ነው ይላል። እግሩ እዚያ አልረገጠም። ያን ጊዜ ሁሉ ሌላ አገር ምርመራ ሲማር ነው የቆየው።»

«ስሞቹስ?»

«ማጥመጃ ናቸው። አንተ ታስጠነቅቃለህ፤ እነሱ ማስጠንቀቂያው በየት እንደገባ ይከተላሉ። መስመራችንን ያገኛሉ። ወረቀቱንም ሰውዬውንም ሰባት ሰዓት ላይ ሆላንድስ ስፖር ባቡር ጣቢያ አምጣልኝ። ከዚያ ያለው የእኔ ነው።»

መስመሩ አንዲት ሴት ናት። ማን እንደሆነች ከአዘዘ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አሳምነው እንኳ አያውቅም። የአዘዘ እህት ትርንጎ ናት። አዲስ አበባ በስልክ ማዞሪያ ትሠራለች። ቅዳሜ ማታ የአውሮፓን መስመር የምትይዘው እሷ ናት።

እንግዳው ውሸታም ከሆነና አዘዘ ከደወለ ትርንጎ ትጠፋለች። እንግዳው እውነተኛ ከሆነና አዘዘ ካልደወለ አሥራ አራቱ ይጠፋሉ።

ለመለየት ሁለት ሰዓት ነበረው።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አለ ወልደየስ።

«ምሳ በልተሃል?»

«ከትናንት ወዲህ ዳቦ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ና።»

ቤቱ ከገበያው በአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ እዚያው ትራንስቫል ሰፈር ውስጥ ነው። ሁለተኛ ፎቅ። አዘዘ ለትምህርት ቤቱም ለመንግሥት ሰዎችም ያስመዘገበው አድራሻ የተማሪዎች መኝታ ቤት ነው። ይህን ቤት የሚያውቀው አሳምነው ብቻ ነበር። አዘዘ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፈው በጀልባ ስለመጡ የቬትናም ስደተኞች ነው። ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ክፍል ተከራይቶ አብሯቸው ይኖራል። እንደ መንገደኛ የገባበት ቤት ነው። የሚያየውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል። ሦስት ደብተር ሞልቷል።

የቤቱ እመቤት ባ ሳው ይባላሉ። «ባ» እማማ እንደ ማለት ነው፤ «ሳው» ስድስት ማለት ነው። በአገራቸው ደቡብ ልጆች በቁጥር ይጠራሉ። የበኩሩ ልጅ «ሁለት» ይባላል፤ «አንድ» የሚባል የለም። ስለዚህ «ስድስት» የተባሉት አምስተኛ ልጅ ሆነው ነው። አዘዘ ይህን የመዘገበው በመጀመሪያው ቀን ነበር። ባሕር ላይ ዘጠኝ ቀን እንደቆዩና ባላቸው በሰባተኛው ቀን እንደሞቱ የመዘገበው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። አልጠየቃቸውም። ሽንኩርት እየላጡ ነገሩት።

በሩን የከፈተችው ልጃቸው ሊየን ነበረች። አዘዘን አይታ ሳቀች።

«ዘመድህ ነው? እሱ እንኳ ከአንተ ይሻላል፤ ጸጉር አለው።»

«ጓደኛዬ ነው። እናትሽን ለቴት እንኳን አደረሰዎ ሊል መጥቷል።»

ቴት አዲስ ዓመታቸው ነው። ዕለቱ ሦስተኛው ቀን ነበር። ቤቱ አልተጠረገም፤ በእነዚህ ቀናት መጥረጊያ የነካ ሰው የዓመቱን ዕድል አብሮ ጠርጎ ያወጣል ይባላል። የሐብሐብ ፍሬ ቅርፊት ከወለሉ ላይ ተበትኗል። በመስኮቱ ሥር ቢጫ አበባ ያላቸው ቅርንጫፎች ቆመዋል። የአገራቸው አበባ እዚህ ስለማይበቅል ሊየን ከምትሠራበት የአበባ እርሻ የሚመስለውን ቆርጣ ታመጣለች።

አዘዘ በሩ ላይ ቆሞ ማየት ጀመረ።

ወልደየስ ጫማውን አወለቀ። ማንም ያወልቃል። በቬትናምኛ መልካም ምኞቱን ተናገረ። ባ ሳው በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁና ለልጃቸው አንድ ነገር አሉ።

«እንደ ዓሣ ነጋዴ ነው የሚናገረው ትላለች፣» አለች ሊየን።

ይህም ቢሆን ማስረጃ አይሆንም፤ ቋንቋ በትምህርት ቤት ይገኛል፣ የጠረፍ አነጋገርም ከጥሩ መምህር ይገኛል። ወልደየስ የሞቱት ሰዎች ፎቶግራፍ ለተደረደረበት መሠዊያ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ይህ ነውር ነው። ባ ሳው አይተው ዝም አሉ። ሻዩን በሁለት እጁ ተቀበለ። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለውን የሩዝ ኬክ ሲያይ ደግሞ ፊቱ በራ።

«የእናቴ ዳቦ ነው የሚመስለኝ። በኮባ የምትጋግረው። እዚያም ሳየው ይኸው ነበር ያልኩት።»

በእንጨት ዘንጎቹ መብላት ግን አልቻለበትም። አሥራ አራት ወር የኖረ ሰው እንዲህ ይደናበራል? አዘዘ በልቡ ጻፈው፤ አንድ ለእሱ፣ አንድ በእሱ ላይ። አልበቃም። ሰዓቱን አየ። አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል።

ዓሣው ቀረበ።

ሙሉ ዓሣ ነው፤ በዝንጅብል የተቀቀለ፣ ከነጭንቅላቱ። አራቱም በዘንጎቻቸው እያነሱ በሉ። ላይኛው ጎን አለቀ። አጥንቱ ተገልጦ ታየ። ታችኛው ጎን እንዳለ ከሳህኑ ጋር ተኝቷል። የባ ሳው ሳህን ባዶ ነበር።

አዘዘ ይህን ገበታ ከጥቅምት ጀምሮ ያውቀዋል። የዚያን ጊዜ እንደ አገሩ ወግ ነበር ያደረገው። ደህና ያደገ ሰው ገበታ ላይ የተሻለውን ወደ ትልቅ ሰው ያዞራል። ዓሣውን ገልብጦ ያልተነካውን ጎን ወደ ባ ሳው አቀረበ። ሴትዮዋ ዘንጎቻቸውን አስቀምጠው ወደ ማዕድ ቤት ሄዱ። አልተመለሱም። የባሕር ሰው ዓሣ አይገለብጥም፤ የተገለበጠ ዓሣ የተገለበጠ ጀልባ ነው። ሊየን ይህን ያስረዳችው በማግሥቱ ነበር።

አዘዘ ድምፁን አለሳልሶ በአማርኛ ተናገረ።

«ኧረ ወልደየስ፣ የሳቸው ሳህን ባዶ ነው። ገልብጥና ጥሩውን አቅርብላቸው እንጂ።»

የወልደየስ እጅ ተነሳ። ዘንጎቹ ከዓሣው ሥር ገቡ።

ቆሙ።

እጁ በአየር ላይ እንዳለ ፊቱ ተለወጠ። ቀስ ብሎ ዘንጎቹን አወጣ። በጣቱ የዓሣውን ጅራት ይዞ አጥንቱን ነቀለና ከሳህኑ ጠርዝ አኖረው። ከዚያ ከታችኛው ጎን ትልቁን ሥጋ አንስቶ ባ ሳው ሳህን ላይ አደረገ። ሴትዮዋ ሥጋውን አላዩም። ያዩት የነበረው እጁን ነው።

«ለምን አልገለበጥከውም?» አለ አዘዘ።

«አይገለበጥም።»

«ማን ነገረህ?»

ወልደየስ ዘንጎቹን አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«አንድ ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ያረፍኩበት ቤት ሽማግሌ ነበሩ፤ እንዳልከው ጥሩውን ላቀርብላቸው ብዬ። ሁለቱ ልጆቻቸው ባሕር ላይ ነበሩ። ማንም አልተቆጣኝም። ሚስታቸው ግን ወጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ቀን። ባሕሩን ያያሉ፣ እኔን አያዩም። እኔንም እህል አልወርድ አለኝ። ልጆቹ በሦስተኛው ቀን ገቡ። ከቤቱ ኋላ ሄጄ እንደ ሴት አለቀስኩ።» ቀና አለ። «ለምን ትጠይቀኛለህ?»

አዘዘ ሻይ ቀዳለት። ወጉን መጽሐፍ ሊያስተምር ይችላል። የተማረ ሰላይ ቢሆን ግን እጁ ከነጭራሹ ባልተነሳ ነበር። የወልደየስ እጅ መጀመሪያ እንደ አገሩ ሄደ፤ ከዚያ እፍረቱ ያዘው። እንዲህ የሚቆመው አንድ ጊዜ ስቶ የተቃጠለ ሰው እጅ ነው። የአዘዘም እጅ ከጥቅምት ወዲህ እንዲሁ ነው የሚቆመው።

እንግዳው እውነተኛ ነው።

እንግዲያው የዋሸው ሌላ ነው።

ሊየን ሳህን ልታነሳ ወደ መስኮቱ በኩል አልፋ ነበር። መጋረጃውን ሳትነካ ቆመች።

«አዘዘ። ታች ነጭ ኦፔል መኪና አለች። ሁለት ሰዎች ውስጧ ተቀምጠዋል። የአገርህ ሰዎች ይመስላሉ።»

አዘዘ ከግድግዳው ተጣብቆ አየ። ሹፌሩን አያውቀውም። ሌላውን ያውቀዋል። ገብረመድህን ነው፤ በመንግሥት ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የቀሩትን ሰዎች ስም የሚይዘው።

የመንግሥት ሰው፣ አሳምነው ብቻ በሚያውቀው አድራሻ።

ዘጠኝ ቀን አጠገቡ ያደረው ሰው። አዘዘ ንዴት ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። ድካም ብቻ መጣ።

«አሳምነው ሸጦናል። ወረቀቱን አምጣ፣» አለ።

ወልደየስ የኮቱን ገበር ቀደደ። አዘዘ ስሞቹን ሦስት ጊዜ አነበባቸው። ዓይኑን ጨፍኖ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያም ከታች ወደ ላይ ወጣቸው። አልሳተም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ይህን ለአሳምነው እሰጠዋለሁ።»

«አብደሃል? እሱ እኮ...»

«ካልሰጠሁት እንዳመንኩህ ያውቃል። ካወቀ ሰኞን አይጠብቁም። ዛሬውኑ ይይዟቸዋል። እንዳላመንኩህ ማሰብ አለበት።»

ለሊየን በደች ቋንቋ ባጭሩ ነገራት። የአበባ እርሻው ቫን መኪና ከጓሮው መተላለፊያ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። ሊየን ወልደየስን ሮተርዳም አድርሳ፣ የስደተኞችን ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ዘንድ ታስገባዋለች። ሊየን ለእናቷ ተረጎመች። ባ ሳው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«እነዚያ አሥራ አራቱ፣ ልጆች አሏቸው?»

«አንዳንዶቹ፣» አለ አዘዘ።

ሴትዮዋ ተነሱ። ሁለት የሩዝ ኬክ በከረጢት ከተው ለወልደየስ ሰጡት። ከዚያ ወደ አዘዘ ዞሩና በተሰባበረ ደች ተናገሩ።

«አንተስ? ትመለሳለህ?»

«እመለሳለሁ፣ ባ ሳው።»

«በቴት ውሸት አይነገርም፣» አሉትና ኮቱን አቀበሉት።

አዘዘ በፊት ለፊቱ በር ወጣ። ወደ መኪናዋ አላየም። ኦፔሏ እየተሳበች ተከተለችው። እስከ ትራም ፌርማታው ድረስ ጫማውን እንጂ ሌላ ነገር አላየም።

አሳምነው በሆላንድስ ስፖር ጣቢያ ካፌ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሽበቱ በዝቷል።

«ብቻህን?»

«አመለጠኝ። በጓሮ።»

«ወረቀቱስ?»

አዘዘ ከጠረጴዛው ሥር አቀበለው። አሳምነው ሳያነበው ኪሱ ከተተው። አዘዘ ይህንንም በልቡ ጻፈ። ምን እንዳለበት የማያውቅ ሰው ያነበው ነበር።

«የት ነበራችሁ እስካሁን?»

«ቤት ወሰድኩት። ምሳ አበላሁት።»

«ምሳ!» አሳምነው ሳቀ። «እኔ ሰላይ መለመልኩ እንጂ አሳላፊ መች መለመልኩ?»

«ልፈትነው ብዬ ነው። ከዓሣ አጥማጅ ጋር የኖረ ሰው ዓሣ አይገለብጥም። ጀልባ መገልበጥ ነው ይላሉ።»

«እና?»

አዘዘ የሻዩን ማንኪያ አሽከረከረ።

«ገለበጠው።»

አሳምነው ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ትከሻው ሲላላ ታየ።

«አላልኩህም? እግሩ አልረገጠም።»

«ብለኸኛል። ስጠይቀው ነቃ። ሽንት ቤት ብሎ ወጣ። መርከቡ ሳይሄድ የሚመለስ ይመስለኛል።»

አሳምነው ተነሳና በር ላይ ከቆመ ሰው ጋር ሁለት ቃል ተነጋገረ። የነጯ ኦፔል ሹፌር ነበር። መኪናዋ ወደ ሮተርዳም ወደብ ትሄዳለች። ተመልሶ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር። መስመሩ ማነው? ከዛሬ በኋላ አንተ ብቻ ብታውቀው አደጋ ነው። ለሰውየው ደኅንነት ነው የምልህ።»

«ልክ ነህ።»

«እኮ?»

«ሰኞ እነግርሃለሁ። ዛሬ ደክሞኛል፣ አሳምነው።»

አሳምነው አየው። ረጅም ጊዜ። አዘዘ የቀዘቀዘውን ሻዩን ጨለጠ።

«ደክሞሃል። ይታያል። ሂድና ተኛ፣ ወንድሜ።»

ከአሥር ደቂቃ በኋላ አዘዘ ባቡር ላይ ነበር። ዴልፍት ላይ ወረደ። መድረኩ ባዶ እስኪሆን ቆመ። በሚቀጥለው ባቡር ሮተርዳም ገባ። የተከተለው ጫማ አልነበረም።

የሮተርዳም ጣቢያ የስልክ ክፍሎች ጠባብ ናቸው፤ የሰው ትንፋሽና የሲጋራ ሽታ አይለቃቸውም። እዚህ አሥር ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ አሥራ ሁለት። የደች ኦፕሬተሯ «ይጠብቁ» አለችው። ጠበቀ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለዕረፍት አገር ቤት ገብቶ ሲመለስ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ነበር የተስማሙት። ለመጨረሻው ቀን ብቻ የሚሆን አንድ መልእክት። ከውጭ አገር ስልክ ሰዎችን ከየሰፈሩ በአንድ ቀን ማሰባሰብ የሚችል፣ የሚጠረጥረውም የሌለ ነገር አንድ ብቻ ነው። መርዶ። ለቅሶ ቤት የሄደን ሰው ለምን ሄድክ የሚል የለም። ከለቅሶ ቤት አገር ቤት ከሚመለሱ ዘመዶች ጋር አውቶቡስ የተሳፈረንም ለምን የሚል የለም። አዘዘ የራሱን መርዶ ከነገራት የሚጠራቸው ሰዎች በሙሉ ከድንኳኑ በቀጥታ ይጠፋሉ።

«አዲስ አበባ። ማንን ልጥራ?»

ድምፅዋ ነው።

«የወይዘሮ ወለተሥላሴን ቤት ነበር። ከሆላንድ ነው። የልጃቸው የአዘዘ ጓደኛ ነኝ።»

በመስመሩ ላይ አንድ ቀጭን ጭረት ተሰማ። ሰሚ አለ። ሁልጊዜም አለ።

«ስልክ የላቸውም። ግን አውቃቸዋለሁ፤ መልእክት ካለ አደርሳለሁ።»

«መልእክቱ መርዶ ነው። አዘዘ ዛሬ ጠዋት አርፏል።»

የእህቱ ትንፋሽ ተቋረጠ። ተመለሰ።

«ለማን ለማን ይነገር?»

የተስማሙበት ጥያቄ ይህ ነበር። አዘዘ ዓይኑን ጨፍኖ አሥራ አራቱን ስም ከነሰፈራቸው ጠራላት። ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ለቅሶ ጠሪ። እርሳሷ ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል። ዘጠነኛዋ አበባይሽ ናት፣ ጉለሌ። የመጨረሻው ላይ እርሳሱ ቆመ።

«እናቱስ?» አለች ትርንጎ። «እናቱ ይነገራቸው?»

ይህን ጥያቄ አልተስማሙበትም ነበር።

እናቲቱ ካላለቀሱ ድንኳኑን ማንም አያምነውም። የሐሰት ልቅሶ ከእናት አይወጣም። ሁለቱም ያውቃሉ።

«ይነገራቸው፣» አለ።

ትርንጎ አለቀሰች። ለሰሚው ይሁን ለእውነት አዘዘ መለየት አልቻለም። ሥራው መለየት ነበር፤ አልቻለም።

መስመሩ ተዘጋ።

ከጣቢያው በትራም ወደ ማስ ወንዝ ወረደ። ከመርከቦቹ መቆሚያ አንዱ ጋ ሰው አልነበረም። ኮቱን አወለቀ። የተማሪ መታወቂያውን በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተ፤ ኮቱን ከመርከብ ማሰሪያው ብረት ላይ ጣለው። በሹራብ ብቻ ተመልሶ ሄደ። ነፋሱ እስከ አጥንቱ ገባ።

ኮቱን እሑድ ጠዋት የወደብ ሠራተኞች አገኙት። ገብረመድህን አዘዘን የአሳምነው ሰዎች የገደሉት መሰለው። አሳምነው ደግሞ ወደ ወደቡ የላካቸው ሰዎች ሳይነግሩት የገደሉት መሰለው። እርስ በርስ አልተጠያየቁም። ሰኞ ንጋት ላይ ወታደሮች አሥራ አራት በር አንኳኩ። ወልደየስ ለማኅበሩ ሁሉንም ተናገረ፤ አሳምነው በሳምንቱ አምስተርዳምን ለቆ ጠፋ።

አዘዘ ግን ሊመለስ አልቻለም። እሱ በሕይወት ከታየ መርዶው ሐሰት ይሆናል። መርዶው ሐሰት ከሆነ የተቀበለችው የስልክ ሠራተኛ ትጠየቃለች። ስለዚህ ሞቶ ቀረ። ወደ ትራንስቫል አልተመለሰም። ሦስቱ ደብተሮች እዚያው ቀሩ።

በ1978 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ አምስተርዳም አጠገብ ባለችው ዲመን ከተማ ውስጥ አድማሴ የሚባል ጢማም ሰው የተማሪዎችን ሕንፃ ያጸዳ ነበር። ከሐበሻ ጋር አይገጥምም። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ቅዳሴ ሲያልቅ ነው። አሠሪው አንድ ቀን አዲስ ሠራተኛ አመጣለት፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት።

«አበባይሽ እባላለሁ፣» አለች። «ሐበሻ መሆንህን ሲነግሩኝ ደስ አለኝ። እነዚህ ሰዎች 'ሁዴ ሞርገን' ብለው እንደምን አደርሽ ከማለት በቀር አንድ ቃል አያወሩም።»

መወልወያው እጁ ላይ ቆመ።

«ከየት መጣሽ?»

«ከካርቱም። ከዚያ በፊት ጉለሌ።» ባልዲዋን እየሞላች ሳቀች። «እኔ እኮ የማላውቀው ሰው ሞቶልኝ ነው የዳንኩት። ብነግርህ አታምነኝም።»

«ንገሪኝ።»

«እሑድ ጠዋት መርዶ ተነገረኝ። አዘዘ የሚባል ተማሪ፣ እዚሁ ሆላንድ ሞቶ። አላውቀውም፤ ግን ለቅሶ ተጠርቶ ይቀራል? ሄድኩ። እህቱ አቅፋኝ እየጮኸች ጆሮዬ ላይ 'ዛሬውኑ ጥፊ፣ ነገ ሊይዙሽ ነው' አለችኝ። አሥራ አራት ነበርን። ሁለቱን ሞጆ ኬላ ላይ ያዟቸው። ሌሎቻችን ወጣን።»

«እናቱስ?»

«እናቱ ምን ያውቃሉ? ደረታቸውን እየደቁ 'አፈሩን እንኳ ነፈጋችሁኝ' ይሉ ነበር። እስካሁን ጥቁር አላወለቁም አሉ። ሦስተኛ ዓመታቸው። አስከሬኑን ሳላይ አላወልቅም ብለዋል አሉ።» መጥረጊያዋን አነሳች። «አንተ እዚህ ብዙ ቆይተሃል መሰለኝ። ታውቀው ነበር?»

«አላውቀውም።»

«ለማንኛውም ነፍሱን ይማር።»

«አሜን፣» አለና ባልዲውን ይዞ ወደሚቀጥለው ፎቅ ወጣ።